ሦስተኛው ዋጋ

የሟቹ ባሌ አባት ካዚሚር ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከሰው ጋር መነጋገር አቆሙ። ሐኪሙ ጉሮሯቸውንም ጭንቅላታቸውንም መርምሮ ምንም የለባቸውም አለ። ሲርባቸው መጥተው ጠረጴዛው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሲጠግቡ ሳህኑን ወደ ፊት ገፋ ያደርጉታል። ነገር ስጠይቃቸው በእጃቸው ወይም በቅንድባቸው ይመልሱልኛል። ድምፃቸውን የምሰማው የፒትስበርግ ቡድን ቤዝቦል ሲጫወትና ዳኛው ሲሳሳት ብቻ ነበር።

«መነጽር ግዛ!» ይላሉ ለቴሌቪዥኑ። «አንተ ዕውር! ኳሱ ወደ ካናዳ እየሄደ እኮ ነበር!»

ከዚያ መልሰው ዝም ይላሉ። እኔ ማእድ ቤት ሆኜ እሰማቸዋለሁ። የምሠራው ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ከማሽኑ የሚወጡትን ክዳኖች ብርሃን ላይ እያዞርኩ የተሰነጠቀውን ከደህናው እለያለሁ። ልብ ብሎ ማየት ከሥራ ወደ ቤት ይዤው የመጣሁት ልማድ ነው። የካዚሚር ድምፅ መሻከሩን ወይም መቅጠኑን በየጨዋታው አዳምጥ ነበር። አልተለወጠም፤ የባቡር ሞተር ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜውን በጩኸት ያሳለፈ ሰው ድምፅ ነው። ጨዋታ በሌለበት ማታ ግን ቤታችን ውስጥ ከማቀዝቀዣው በቀር ድምፅ የሚያሰማ አልነበረም።

ባሌ ደኒስ ሲታመም መጀመሪያ ሥራውን አጣ፤ ከሥራው ጋር የሕክምና ዋስትናችን ሄደ፤ ከዚያ እሱ ራሱ ሄደ። ገንዘባቸውን የሚጠይቁት ሆስፒታሎች ግን አልሄዱም። በጸደይ ወራት ከዶናት ቤት በላይ ወዳለው ወደ ጠበቃ ሃሎራን ቢሮ ወጣሁና መክሰሬን ለፍርድ ቤት እንዲያስታውቅልኝ ጠየቅሁት። ሃሎራን ወፍራም፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ከታች የሚመጣው የስኳር ሽታ ሸሚዙ ውስጥ ገብቷል።

«ያለብዎትን ሁሉ ነግረውኛል?» አለኝ።

«ሁሉንም።»

«ኬብሉስ? ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት የሚያስገባልዎት ኩባንያ? ያልተከፈለ የለም?»

«አለ። እነሱን ግን እንተዋቸው። ቀስ ብዬ እከፍላቸዋለሁ። ከሆስፒታሉ ጋር አብረው ከተጠሩ ተቆጥተው ያጠፉብኛል።»

ሃሎራን ፈገግ አለ። «ወይዘሮ ሎሬታ፣ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አንድ የሚደብቅልኝ አለው። አንዱ የጥርስ ሐኪሙን ይደብቃል፣ አንዱ የሚስቱን ወንድም። ሆስፒታሉን የደበቀልኝ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።»

«አንድ ብቻ ነው እኮ።»

«በመሐላ ነው የሚፈርሙት። ያለብዎት ሁሉ ይገባል።»

«ከዚያስ ያጠፉብኛል?»

«ያለፈውን ሊጠይቁዎት አይችሉም። ወደ ፊት ያለውን በየወሩ እስከከፈሉ ድረስ ብዙዎቹ ዝም ብለው ይቀጥላሉ። ግን ዋስ አልሆንዎትም። ቴሌቪዥን መብራትና ውሃ አይደለም፤ ሕጉ አያለቅስለትም።» ከዚያ በእስክሪብቶው የወር የኬብል ወጪዬን ነካ ነካ አደረገ። «እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ለሁለት ሰው በዝቷል። ፍርድ ቤቱ የሾማት ባለአደራ ማየቷ አይቀርም። ፍርድ ቤቱ ከሚጠራዎት ስብሰባ በፊት በግማሽ ያውርዱት።»

«የኳሱ ጣቢያ ያለው ትልቁ ጥቅል ውስጥ ነው።»

«ኳስ ይወዳሉ?»

«አልወድም።»

ስለ ካዚሚር ነገርኩት። እየነገርኩት ሳለ ስለ ሌላ ሰው ቤት የማወራ ይመስለኝ ነበር። ያን ሰሞን ሁሉም ነገር እንደዚያ ነበር፤ ጥርስ ሊነቀልለት መርፌ እንደተወጋ ድድ፤ ብነክሰውም አይሰማኝም። ሃሎራን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እንግዲያው ደውለው ይከራከሯቸው» አለ። «ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው።»

ሰው ሁሉ የሚያደርገውን እኔም አውቀዋለሁ። እኛ ከተማ ኬብል ያለው ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ኩባንያው በመጀመሪያው ዓመት በርካሽ ያስገባሃል፤ ዓመቱ ሲሞላ ዋጋውን ይሰቅለዋል። ያን ጊዜ ደውለህ «በቃኝ፣ ልሰናበት ነው» ትላለህ። ደንበኛ እንዳይሄድ የሚለምን ክፍል አላቸው፤ ወደዚያ ያስተላልፉሃል፤ የዚያ ክፍል ሰው እየለመነ ያወርድልሃል። መሄድ የሚፈልግ የለም፤ እነሱም ያውቃሉ፤ አንተም እንደሚያውቁ ታውቃለህ።

ቤታችን ውስጥ ይህ የደኒስ ሥራ ነበር። ስልኩን ሳሎን ጠረጴዛ መሃል ላይ ያስቀምጥና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ይከፍተዋል። የኩባንያው ለማኞች የመጀመሪያውን ዋጋ ሲጠሩ ደኒስ፣ «ቆይ አባቴን ልጠይቅ፤ ከፋዩ እሱ ነው» ይላል። ውሸቱን ነው። ካዚሚር ከወንበራቸው ሆነው ጎረቤት እስኪሰማ፣ «አይሆንም!» ብለው ይጮሃሉ። ሁለተኛ ዋጋ ይጠራል። «አይሆንም!» ሦስተኛው ሲጠራ ካዚሚር ጣሪያውን ያያሉ። ከዚያ፣ «እሺ ይሁን። ግን ሌቦች ናችሁ በላቸው» ይላሉ። ደኒስ ስልኩን ዘግቶ እስኪያነባ ይስቃል። በየዓመቱ ይኸው ነው። ሁለተኛው ዋጋ ጥሩ ቢሆን እንኳ ካዚሚር ከሦስተኛው በፊት እሺ ብለው አያውቁም።

እኔ ግን ስደውል ማእድ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ካዚሚርን ላለመረበሽ ብዬ ነው።

«በቃኝ፣ ልሰናበት ነው» አልኩ፤ ደኒስ የሚለውን ቃል በቃል።

ሙዚቃ አሰሙኝ። የሚለምነኝን ሰው ጠበቅሁ። አንድ ወንድ መጣ፤ ድምፁ ንጹሕና ትሑት ነው።

«ወይዘሮ ሎሬታ፣ ሒሳብዎ ወደ እኛ ክፍል ተዛውሯል። የኪሳራ ጉዳዮች ክፍል ነን። ማቋረጥ ነው የፈለጉት?»

«ዋጋው ካልቀነሰ፣ አዎ።»

«ለእንዲህ ዓይነት ሒሳብ ቅናሽ የለንም።»

«እንግዲያው እሄዳለሁ ማለቴ ነው።»

«ገብቶኛል። ስላልቀነሰ አቋርጬዋለሁ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይዘጋል። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«ይመልሱት» አልኩ። «ለክርክር ነው ያልኩት።»

«በስምዎ እንደገና ለመክፈት የድሮው ዕዳ መከፈል አለበት።»

«እሺ፣ እሱን እከፍላለሁ።»

«እሱን ደግሞ ልቀበልዎት አልችልም። በፍርድ ቤት የተያዘ ዕዳ ነው፤ አልነካውም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ጥቂት አሰበ። የእውነት ያሰበ መሰለኝ። «መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለ።

መናደድ ነበረብኝ። አልተናደድኩም። ከማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ ፒሮጊ፣ ድንች የተሞላ የሊጥ ጥቅል፣ አውጥቼ ውሃ ጣድኩ። ፒሮጊው እየሞቀ አንድ በአንድ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ አየሁ፤ አንዱ ጎኑ ተቀዶ ድንቹ ይወጣ ነበር። እሱን ለራሴ አወጣሁት።

ማታ ጨዋታው መሃል ላይ ሳለ ምስሉ ቆመ። ኳስ ወርዋሪው አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ፤ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነ፤ በሰማያዊው ላይ ኩባንያውን እንድናነጋግር የሚል ጽሑፍ ወጣ። ካዚሚር ሪሞቱን አንሥተው ተጫኑ። እንደገና ተጫኑ። ወደ እኔ ዞሩ።

«የእኔ ጥፋት ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «አስቀንሳለሁ ብዬ ደውዬ ዘጉብን።»

ሪሞቱን የወንበሩ ክንድ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት። ቅንድባቸው አልተነሣም። ሰማያዊውን እያዩ ቆዩና ተነሥተው ተኙ።

በማግሥቱ ጋራዥ ገብቼ የደኒስን ሬዲዮ አመጣሁ። አቧራውን ጠርጌ አጠገባቸው አስቀመጥኩት። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ ጥሩ ነው፤ የእያንዳንዱን ኳስ መንገድ ይናገራል። ካዚሚር አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዳኛው እንዲሳሳት እጠብቅ ነበር። ተሳሳተ። ጋዜጠኛው ራሱ፣ «ይኼስ አጠራጣሪ ነው፤ ሕዝቡም ተነሥቷል» አለ። ካዚሚር ሬዲዮውን አዩት። መስኮቱን አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አጠፉት። በዓይናቸው ያላዩትን ዳኛ መስደብ አልሆነላቸውም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ማታዎች ሁሉ ጨዋታ እንደሌለበት ማታ ሆኑ። በተለመደው ሰዓት መጥተው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ የጠፋውን ቴሌቪዥን ያያሉ፤ ጨዋታው ያልቃል ብለው ባሰቡበት ሰዓት ይነሣሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀረብ ብዬ አዳመጥኩ። ድምፅ አልነበረውም። ሲመገቡም መዋጥ እየከበዳቸው መሄዱን አስተዋልኩ። ሰው ጉሮሮውን ካልተጠቀመበት የሚዘጋ ይመስል፣ ያ ድምፅ በዚያው እንዳይቀር ብዬ አሰብኩ። ፈራሁ ማለት ይከብደኛል። ማሰቡን ግን አሰብኩት፤ ፋብሪካ ቆሜም አሰብኩት።

ከቴሌቪዥኑ ጋር የተገናኘው የኬብል ሣጥን የኩባንያው ንብረት ስለሆነ መመለስ ነበረበት። ሱቃቸው ውስጥ ሰዎች ሣጥኖቻቸውን ታቅፈው፣ ገመዱን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ተሰልፈዋል፤ የታመመ ድመት ሐኪም ዘንድ ያመጡ ይመስላሉ። ከፊቴ የነበረው ሽማግሌ ሲያስረክብ ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለችው ልጅ፣ «በል ተሰናበተው፤ አልቅስለት፣ እኛ አንቸኩልም» አለችው። ደረቷ ላይ ቴሪና የሚል ስም ተሰክቷል፤ ጥፍሮቿ ረጃጅምና ብርቱካናማ ናቸው።

ተራዬ ደረሰ።

«ይልቀቁት እንጂ፣ እናቴ» አለችኝ ቴሪና። «እኔ እየሳብኩ፣ እርስዎ እየሳቡ፣ ገመድ ጉተታ ሆነብን።»

ለቀቅሁት። ቁጥሩን አየችና ኮምፒውተሯ ላይ ያለውን አነበበች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ኪሳራ ነው?»

«አዎ።»

«የእኔም እናት አድርጋዋለች። አይገድልም።» ዙሪያዋን ቃኘች። «ቤት ውስጥ ሌላ ትልቅ ሰው አለ?»

«የባሌ አባት አሉ።»

«ዕዳ አለባቸው?»

«በሕይወታቸው ተበድረው አያውቁም። ይህን ቤት እንኳ በጥሬ ገንዘብ ነው የገዙት።»

«እንዴ! እንግዲያው አዲስ ደንበኛ ናቸዋ!» ጥፍሮቿን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳች። «እዚህ ቤት የሚቀጣው የቆየው ነው፤ አዲሱ ንጉሥ ነው። የኳስ ጣቢያ ያለበት ትንሽ ጥቅል ወጥቷል፤ ለአዲስ ሰው ብቻ። በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ገንዘብ ይሁን እንጂ ማንም አይከለክላቸውም። ይደውሉ፤ ጥሪው የሚቀዳ ስለሆነ በገዛ አንደበታቸው እስማማለሁ ይበሉ፤ አለቀ።»

«አይናገሩም።»

«ዲዳ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያስ?»

ደረሰኙን ሰጠችኝ።

የፍርድ ቤቱ ስብሰባ በኢንተርኔት ነበር፤ ቤቴ ደግሞ ኢንተርኔት የለውም። ስለዚህ መኪናዬን ቤተ መጻሕፍቱ ጎን አቁሜ የእነሱን መስመር ያዝኩ። ባለአደራዋ በስልኬ ላይ አንዲት አጭር ጸጉር ያላት ሴት ሆና ታየች፤ ሃሎራን ከእሷ በታች ትንሽ አራት ማእዘን ውስጥ ነበር። መኪናዬ ላይ ከከተማችን ሐይቅ የመጡ ወፎች ቆመው ጣሪያውን ይቧጥጡ ነበር።

«ለቴሌቪዥን የተያዘው ወጪ ከፍ ያለ ነው» አለች ባለአደራዋ።

«ተቋርጧል» አልኩ።

«ጥሩ» አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ከደኒስ ሕመም ጀምሮ የሆነብን ሁሉ ለእሷ የአንድ ሰው ተራ ነበር፤ ፈጥና ጨረሰችው። ቀጥሎ ሃሎራን ደወለ።

«በጣም ጥሩ ሄደ» አለ። «አንድም ጥያቄ አላከረረችም።»

ቴሪና ያለችኝን ነገርኩት።

«የጡረታ ገንዘባቸው የራሳቸው ነው? ሒሳባቸውም ለብቻው ነው?» አለኝ።

«ለብቻው ነው።»

«እንግዲያው ሰውየው ለገዛ ቤታቸው ቴሌቪዥን ያስገቡ። ቤቱ ውስጥ እርስዎ እንዳሉ ከጠየቁ እውነቱን ይንገሯቸው። አንድ ነገር ብቻ፤ በእሳቸው ፋንታ እንዳይናገሩ። ድምፁን ቀይሮ የተያዘ ደንበኛ ነበረኝ።»

«በምን ድምፅ?»

«በእናቱ። ጎበዝ ነበር፤ በመሃል አስነጠሰው እንጂ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካዚሚር ፊት ተንበርክኬ ሁሉን ነገር አስረዳኋቸው። በእርስዎ ስም ነው፤ በእርስዎ ገንዘብ ነው፤ ካልፈለጉ ይቀራል፤ ከፈለጉ ግን ለሴትየዋ እስማማለሁ ማለት አለብዎት አልኳቸው። ቅንድባቸውን አነሡ። እሺ ማለት ይሁን፣ ተይኝ ማለት ይሁን አልለየሁም።

«አባባ፣ ለእኔ መናገር የለብዎትም» አልኩ። «ለእሷ ብቻ።»

እሳቸው መሰማት ስላለባቸው ስልኩን ጠረጴዛው መሃል ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፈትኩት። የመጣችልን ሴት ብራዮኒ እባላለሁ አለች፤ ከኋላዋ ሕፃን ይነጫነጫል፤ ከቤቷ ሆና ነው የምትሠራው። አድራሻችንን ስታይ የቀድሞው ደንበኛ አሁንም እዚያ ይኖራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ከስሬ ፍርድ ቤት ገብቻለሁ። ከፋዩ ግን የባሌ አባት ናቸው።»

ጥቂት ጻፈች። «ችግር የለውም። አዲስ ደንበኛ ናቸው» አለች። «ጌታዬ ካዚሚር፣ ይሰሙኛል? ኢንተርኔቱን ከትንሹ ጥቅል ጋር፣ የኳስ ጣቢያውን ጨምሮ» ብላ ዋጋውን ጠራች። የእኔ ከነበረው ከግማሽም ያነሰ ነው። «ጥሪው እየተቀዳ ነው። ይስማማሉ?»

ካዚሚር ስልኩን ያዩ ነበር። አገጫቸው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

«አይሆንም!»

መስታወቱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ሕፃኑ እንኳ ዝም አለ። ከቀብሩ ወዲህ ለሰው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው፤ ያንን አውቄያለሁ፤ ደስታም ድንጋጤም ግን አልመጣልኝም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጄን ብቻ አየሁት።

«አይሆንም ነው ያሉት?» አለች ብራዮኒ። «እንግዲያው ትእዛዙን ልዝጋው።»

«አይዝጉት! አንዴ ብቻ ይጠብቁኝ።»

ካዚሚርን በደንብ አየኋቸው። አልተቆጡም። እኔንም አላዩኝም። እጃቸውን ወንበሩ ክንድ ላይ አድርገው ወደ ስልኩ ትንሽ ዘንበል ብለዋል፤ ሰው የሚቀጥለውን ሲጠብቅ እንደሚያደርገው። ያን ጊዜ ገባኝ። ስልኩ ጠረጴዛው መሃል ነው፤ ድምፁ ተከፍቷል፤ የኩባንያው ሰው የመጀመሪያውን ዋጋ ጠርቷል። ካዚሚር የራሳቸውን ተራ ነው የተወጡት።

«ሌላ ዋጋ ይጥሩ» አልኳት።

«ከዚህ የሚያንስ የለኝም፣ ወይዘሮ። ዝቅተኛው ነው።»

«ምንም ይሁን። የሚቀንስ ነገር አጥተው ነው?»

«የዕቃውን መላኪያ ላነሣልዎት እችል ይሆናል...»

«ለእኔ አይደለም። ለእሳቸው ይንገሯቸው።»

ብራዮኒ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጌታዬ ካዚሚር፣ መላኪያውን በነፃ አደርግልዎታለሁ። ይስማማሉ?»

«አይሆንም!» አሉ ካዚሚር፤ ይኼኛው ከፊተኛው ይበልጥ ነበር።

«እመቤቴ፣ ከዚህ በኋላ የቀረኝ የራሴ ደሞዝ ነው» አለች ብራዮኒ ለእኔ። «እሱንም ቢያዩት አይጓጉለትም።»

«ያንኑ እንደገና ይበሉት።»

«ያንኑ? ሁለቴ እኮ አይሆንም አሉ።»

«ሁለቴ ነው የሚሉት። ሦስተኛ ጊዜ ይጥሩት። እንደ አዲስ።»

በስልኩ ውስጥ ተነፈሰች። ሕፃኑን «እሽሽ» አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ለወጠች፤ ከባድ ነገር ሊናገር እንደተዘጋጀ ሰው።

«ጌታዬ ካዚሚር፤ አለቆቼን አነጋግሬያለሁ። የመጨረሻው ዋጋችን ይኼ ነው» አለችና ያንኑ ዋጋ ጠራች።

ካዚሚር ጣሪያውን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ወርዶ የደኒስ ወንበር ላይ ቆመ።

«እሺ ይሁን» አሉ። «ግን ሌቦች ናችሁ በላቸው።»

ሌላ የሚልላቸው ስላልነበረ እኔ አልኩላቸው። «ሌቦች ናችሁ ይላሉ።»

«እሱን ሁሉም ይላል» አለች ብራዮኒ። «እስማማለሁ ማለታቸው ነው ወይ? ከራሳቸው አፍ መስማት አለብኝ። ጌታዬ፣ ተስማምተዋል?»

«አልኩሽ እኮ!» አሉ ካዚሚር ዳኛውን በሚሰድቡበት ድምፅ። «ጆሮ የለሽም?»

«ተመዝግቧል» አለች ብራዮኒ። እየሳቀች ነበር፤ ስልኩ እስኪዘጋ ሳቋ ይሰማን ነበር።

ለካዚሚር ውሃ አመጣሁላቸው። ጠጡ። ብርጭቆውን ወደ ፊት ገፋ አደረጉት።

ሣጥኑ በፖስታ መጣ። ከድሮው ያነሰና የቀለለ ነው። ገመዱን አገናኘሁ፤ መብራቱ ቀይ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ነጭ ሆነ። ማታ ጨዋታ ነበር። ሳህን ሳጥብ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ዕውር! አያትህም ያዩታል ይኼንን!»

ሻክሯል። መጨረሻው ላይ ትንሽ ተሰነጠቀ። ሁለተኛ ጊዜ ሲጮሁ ግን ጠራ። እጄን አድርቄ ወደ ሳሎን ገባሁ። ተጫዋቾቹ ቦታ እየተለዋወጡ ነበር፤ ማስታወቂያ መጣ። ካዚሚር ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ፣

«ስንት አደረጉት?» አሉ።

ለእኔ ነው። ዋጋውን ነገርኳቸው።

አሰቡበት። የወንበሩን ክንድ በአውራ ጣታቸው ፈተጉት።

«ደኒስ ቢሆን ከዚህ ያወርደው ነበር።»

ስሙን ከቀብሩ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ማንም አልጠራውም ነበር፤ እኔም ጭምር።

«አዎ፣ አባባ» አልኩ። «ያወርደው ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቆምኩበት ምስሉ በግማሽ ነው የሚታየኝ፤ መስኮቱ ያንጸባርቅበታል። ደህና ሆኖ የሚታየው ከደኒስ ወንበር ብቻ ነው። ሄጄ ተቀመጥኩበት። የመቀመጫው ሞላ ላልቷል፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ወርዋሪው ወጣ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ እግሩን አንሥቶ ወረወረ። ዳኛው እጁን ዘረጋ። ካዚሚር ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

«ይኼንንስ አየሽው?» አሉኝ። «አየሽው?»

እኔ ያየሁት የወርዋሪውን ጫማ ነበር። ኳሱን አላየሁትም።

«አየሁት» አልኩ።